የእናቲቱ ማዕድን ሲጎድል ሽሉ ምን ይሆናል? ከልደቱ ወደ ኋላ እየቆጠሩ የመመርመሪያና የማስተካከያ መመሪያ

አንዲት እናት በግ ሥጋዋ ሳይጎድልና ሕመም ሳይታይባት የኋላ እግሮቹን መቆጣጠር የማይችል ግልገል ልትወልድ ትችላለች። ባለቤቱ ዓይኑ የሚያርፈው በግልገሉ ላይ ስለሆነ ሕክምናውንም ከግልገሉ ይጀምራል፤ ጉዳቱ ግን የደረሰው ከሳምንታት በፊት፣ የሕብለ ሰረሰሩ ነርቮች ሽፋናቸውን በሚያበጁበት ወቅት ነው፤ ያ ወቅት ካለፈ በኋላ የሚሰጥ መዳብ የተጎዳውን ነርቭ አይመልሰውም። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው የጉድለቱን ዓይነት ከጉድለቱ ጊዜ ጋር አያይዞ ለማንበብ ነው። ግልገሉ፣ ጥጃው ወይም ከቅርፊቱ ሳይወጣ የቀረው ጫጩት እናቲቱ የትኛው ማዕድን በየትኛው ሳምንት እንዳጠራት የሚናገር ማስረጃ ነውና፣ መነበብ ያለበት ከመቀበሩ በፊት ነው።

ሥራው የሚጠይቀው መሣሪያ ብዙ አይደለም። የጥቂ (እንስሳቱ ከአውራ ጋር የተገናኙበት ቀን) እና የልደት መዝገብ፣ እስከ 0.1 ግራም የሚለይ ሚዛን፣ ስለታም ቢላ፣ ጓንት፣ የናሙና ዕቃዎችና ናሙናውን የሚቀበል ላቦራቶሪ ይበቃሉ። ከእነዚህ ሁሉ በብዙ ቦታ የሚጎድለው መዝገቡ ነው፤ መዝገብ ከሌለ ደግሞ ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ነገር ግምት ሆኖ ይቀራል። በዚህ ጽሑፍ «ሽል» የተባለው ብልቶቹ ገና በመሠራት ላይ ያሉት ሲሆን፣ «ፅንስ» የተባለው ብልቶቹ ከተሠሩ በኋላ እስከ ልደት ያለው ነው።

ደረጃ 1፦ የእርግዝናውን ጊዜ በቀን መከፋፈል

በመጀመሪያ የሚመረመረው እንስሳ እርግዝና ስንት ቀን እንደሚፈጅ ይጻፉ። ላም ወደ 280 ቀን፣ በግ ከ147 እስከ 150 ቀን፣ አሳማ ወደ 114 ቀን ትፈጃለች፤ የዶሮ እንቁላል ደግሞ በ21 ቀን ይፈለፈላል። ቀጥሎ ይህን ጊዜ በሦስት ይክፈሉት፤ ሦስቱ ክፍሎች ግን እኩል ርዝመት የላቸውም።

የመጀመሪያው ክፍል ሽሉ ከማሕፀን ግድግዳ ጋር ከመያያዙ በፊት ያለው ነው። በዚህ ጊዜ የእንግዴ ልጅ ገና ስላልተሠራ ሽሉ የሚኖረው ማሕፀኑ በሚያመነጨው ፈሳሽ ነው። የላም ሽል ከ15ኛው እስከ 17ኛው ቀን ባለው ጊዜ «አለሁ» የሚል ምልክት ለእናቲቱ ማስተላለፍ አለበት፤ ምልክቱ ኢንተርፌሮን ታው የተባለ ፕሮቲን ነው። የበግ ሽል ይህን የሚያደርገው በ12ኛውና በ13ኛው ቀን አካባቢ ነው፤ የአሳማ ሽል ደግሞ በሌላ ኬሚካል በ11ኛውና በ12ኛው ቀን አካባቢ ምልክቱን ይሰጣል። ሽሉ ደካማ ሆኖ ምልክቱ ከዘገየ የእናቲቱ አካል እርግዝና እንደሌለ ቆጥሮ ወደ ድራት፣ ማለትም ወንድ ወደመፈለግ፣ ይመለሳል። ሁለተኛው ክፍል ብልቶች የሚሠሩበት ሲሆን በላም እስከ 42ኛው ቀን አካባቢ ይቆያል። ሦስተኛው ረጅሙ የእድገት ጊዜ ነው፤ የነርቭ ሽፋን፣ አጥንት፣ ፀጉርና በጉበት ውስጥ የሚከማች የማዕድን ስንቅ የሚዘጋጁት በዚህ ጊዜ ነው።

አሁን መዝገቡን ከዚህ ጋር ያገናኙ። ላሟ ከተጠቃች በኋላ በ18ኛውና በ24ኛው ቀን መካከል ዳግም ድራት ካሳየች፣ ወይ አልፀነሰችም ወይ ሽሉ ምልክቱን ሳይሰጥ ሞቷል። ከዚያ ዘግይታ፣ ለምሳሌ በ30ኛው ወይም በ38ኛው ቀን ከተመለሰች፣ ምልክቱን ከሰጠ በኋላ የሞተ ሽል ሊኖር እንደሚችል ያስቡ፤ ያም ሆኖ ድራቷ ሳይታይ አልፎ ሊሆን ስለሚችል አንዲት ላም ማስረጃ አትሆንም። ብዙ ላሞች በአንድ ወቅት እንዲህ ዘግይተው ሲመለሱ ነው ነገሩ ትርጉም የሚያገኘው። ስለዚህ መዝገቡ ላይ «አልያዘችም» ብሎ ብቻ መጻፍ አይበቃም፤ በስንተኛው ቀን እንደተመለሰች ይጻፍ።

ደረጃ 2፦ ማዕድን የሚመስሉ ሌሎች መንስኤዎችን ማስወጣት

ይህን ደረጃ መዝለል ትልቁ ስሕተት ነው። ብሩሴሎሲስና ቶክሶፕላዝማ የተባሉት ተላላፊ በሽታዎች ውርጃ ያመጣሉ፤ አካባኔ የተባለው ቫይረስ መገጣጠሚያቸው የደረቀና እግራቸው የታጠፈ ጥጆችን ያስወልዳል፤ አንዳንድ የሉፒን (የግብጦ ወገን) ዝርያዎች ደግሞ ላሟ ከ40ኛው እስከ 70ኛው የእርግዝና ቀን ባለው ጊዜ ከበላቻቸው እግሩ የተጣመመ ጥጃ ይወለዳል። እንዲህ ያለው ጥጃ ማንጋኒዝ ከጎደላት እናት ከተወለደው ጋር በዓይን ብቻ ሲታይ በቀላሉ ይምታታል። የዘር ጉድለትም ሊኖር ስለሚችል ጉዳቱ በአንድ ኮርማ ወይም በአንድ አውራ ልጆች ላይ ብቻ መታየት አለመታየቱን ከመዝገቡ ያረጋግጡ።

ዘርና ማዕድን ሁልጊዜ ተለያይተው እንደማይቆሙ የሚያሳየው ፓሊድ የተባለው የአይጥ ዘር ነው። እነዚህ አይጦች በውርስ ጉድለት ምክንያት የሰውነታቸውን ሚዛን የሚጠብቁት ጥቃቅን የጆሮ ድንጋዮች ሳይኖሯቸው ይወለዳሉ፤ እናቶቻቸው በእርግዝና ጊዜ ከተለመደው እጅግ የበዛ ማንጋኒዝ ሲያገኙ ግን ድንጋዮቹ ተሠርተው ይወለዳሉ። በሌላ በኩል የዘር ጉድለት የሌለባት እናት ማንጋኒዝ ሲያንሳት ልጆቿ ያንኑ ጉድለት ይዘው ይወለዳሉ።

የተወረደን ፅንስና የእንግዴ ልጅ ያለ ጓንት አይንኩ፤ እርጉዝ ሴቶችም እንዳይቀርቡ ያድርጉ፤ ከላይ የተጠቀሱት የውርጃ በሽታዎች ወደ ሰው የሚተላለፉ ናቸው። የእንስሳት ሐኪም ከእንግዴ ልጁና ከፅንሱ ናሙና ወስዶ የተላላፊ በሽታ ምርመራ እስኪያደርግ ድረስ «ማዕድን ነው» የሚለው ድምዳሜ ይቆይ።

ደረጃ 3፦ የተወለደውን ወይም የሞተውን ማንበብ

አዮዲን። በዓይንና በእጅ በቀላሉ የሚረጋገጠው ይህ ስለሆነ ከእሱ ይጀምሩ። ሞቶ የተወለደን ግልገል በጀርባው አስተኝተው የአንገቱን ቆዳ ከመንጋጋው እስከ ደረቱ በመሐል ይሰንጥቁ። ከማንቁርቱ ዝቅ ብሎ በአየር ቧንቧው ግራና ቀኝ የተለጠፉ ሁለት ጠቆር ያሉ ቀይ እብጠቶች ይታያሉ፤ እነዚህ የታይሮይድ ዕጢው ክንፎች ናቸው። ስቡንና ሥጋውን አጽድተው ሁለቱንም አንድ ላይ ይመዝኑ፤ ከዚያ የዕጢውን ክብደት በግራም ለግልገሉ ክብደት በኪሎ ያካፍሉ። ግልገሉ 4 ኪሎ፣ ዕጢው 5.2 ግራም ቢሆን ውጤቱ 1.3 ነው። ከ0.4 በታች የሆነ ውጤት ብዙም አያሳስብም፤ ከ0.8 በላይ የሆነ ግን የአዮዲን እጥረትን አጥብቆ ያመለክታል። ከአምስትና ከስድስት የሞቱ ግልገሎች ይህን መሰብሰብ ከደም ምርመራ ያላነሰ ዋጋ አለው ብዬ አምናለሁ፤ የሚያስፈልገውም ቢላና ሚዛን ብቻ ነው።

ዕጢው የሚያብጠው ፅንሱ በቂ የታይሮይድ ሆርሞን ለመሥራት ሲታገል ነው። ሆርሞኑ ካነሰ ፀጉርና ሱፍ አይበቅልም፣ ሳንባና አንጎል በጊዜያቸው አይበስሉም፣ እርግዝናውም ከመደበኛው ሊረዝም ይችላል፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በሰሜን አሜሪካ በብዛት ይወለዱ የነበሩት ፀጉር አልባ የአሳማ ግልገሎች መነሻቸው ይኸው ነበር። አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ያበጠ ዕጢ ከመጠን ባለፈ አዮዲንም ይመጣል። የባሕር አረም አብዝተው የተመገቡ ፈረሶች እንቅርት ያለባቸው ውርንጭሎች ወልደዋል፤ ስለዚህ አዮዲን ከመጨመርዎ በፊት እናቲቱ ምን ስትበላ እንደቆየች ይጠይቁ።

መዳብ። ግልገሎቹ ሲቆሙ ሳይሆን ሲሮጡ ይዩዋቸው። በቀስታ ሲነዱ ደህና የሚመስለው ግልገል በፍጥነት ሲዞር የኋላ አካሉ ወደ ጎን ይወዛወዛል፤ ቁርጭምጭሚቱ ይታጠፋል፤ አንዳንዱም እንደ ውሻ ተቀምጦ ይቀራል። በ1937 ቤኔትስ የተባለ ተመራማሪ በምዕራብ አውስትራሊያ ይህን በሽታ በእርግዝና ጊዜ ከሚደርስ የመዳብ እጥረት ጋር አያያዘው። ማይሊን የተባለው የነርቭ ሽፋን በበግ ፅንስ አንጎል ውስጥ በብዛት የሚሠራው በ90ኛው ቀን አካባቢ ሲሆን፣ በሕብለ ሰረሰር ውስጥ ደግሞ ልደት ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው። ግልገሉ ሲወለድ ጀምሮ መቆም ካልቻለ ጉዳቱ ወደ መጀመሪያው ወቅት ያመለክታል፤ ጤነኛ ሆኖ ተወልዶ ከሳምንታት በኋላ መወዛወዝ ከጀመረ ወደ ሁለተኛው። ለማረጋገጥ አንጎሉና ሕብለ ሰረሰሩ በ10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ተቀምጠው በማይክሮስኮፕ እንዲታዩ ይላኩ፤ ከጉበቱም ቁራጭ ያለ ፎርማሊን ለብቻው ይያዝ።

ዚንክ። ለሽሉ ከሁሉ ይልቅ አጣዳፊ የሆነው ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱ ደግሞ እናቲቱ ስንቅ ይዛ ስንቋን ማውጣት አለመቻሏ ነው። በ1966 ሉሲል ኸርሊና ስዌነርተን የተባሉ ተመራማሪዎች ዚንክ የሌለው መኖ የበሉ እርጉዝ አይጦች የአፈጣጠር ጉድለት ያለባቸው ልጆች እንደሚወልዱ አሳዩ፤ ጉድለቱ ከአንጎል እስከ ጣት፣ ከላንቃ እስከ ጅራት የተዘረጋ ነበር። የእናቲቱ የደም ዚንክ መኖው ከተለወጠ በ1 ቀን ውስጥ ይወርዳል። በአጥንቷ ውስጥ ብዙ ዚንክ ቢኖርም ከዚያ የሚወጣው አጥንቱ ራሱ ሲፈርስ ብቻ ነው፤ ተመራማሪዎቹም ካልሲየም ጭምር ቀንሰው እናቲቱ አጥንቷን እንድታፈርስ ሲያደርጉ የልጆቹ ጉድለት ቀነሰ። ዚንክ ሕዋሳት ሲባዙ ዲኤንኤ ለሚሠሩ ኢንዛይሞች ስለሚያስፈልግ በፍጥነት የሚባዙት የሽሉ ክፍሎች ቀድመው ይጎዳሉ። በግጦሽ መንጋ እንዲህ ያለ ፍጹም እጥረት ብርቅ ነው፤ የሚያጋጥመው መጠነኛው እጥረት ሲሆን የሚታየውም በድራት መመለስና ክብደታቸው አነስተኛ በሆኑ ልጆች ነው።

ማንጋኒዝ። አጥንት ከመጠንከሩ በፊት ያለውን ለጋ አጥንት የሚሞሉት ስኳርና ፕሮቲን የተጣመሩባቸው ንጥረ ነገሮች ማንጋኒዝ በሚፈልጉ ኢንዛይሞች ይሠራሉ፤ ስለዚህ ጥጃው አጭር፣ መገጣጠሚያው ያበጠና እግሩ የተጣመመ ሆኖ ይወለዳል። ጭንቅላቱን አጋድሎ የሚሄድ ወይም ሚዛኑን የሚስት ልጅ ካለ ከላይ የተጠቀሱትን የጆሮ ድንጋዮች ያስታውሱ።

ሴሌኒየም። ሞተው የተወለዱ ወይም ተወልደው ብዙም ሳይቆዩ የሞቱ ግልገሎችና ጥጆች ልባቸውና የጭናቸው ጡንቻ ተሰንጥቆ ይታይ፤ የተቀቀለ ሥጋ የመሰለ ነጣ ያለ መስመር ካለ የሴሌኒየም ወይም የቫይታሚን ኢ እጥረት ይጠረጠራል። ነገር ግን ሴሌኒየም ምንም የሚታይ ሬሳ ሳይተውም ይገድላል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ በኒውዚላንድ የተገኘው ይህ ነበር፤ በጎቹ ይፀንሳሉ፣ ሽሉ ግን ከተፀነሰ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ይሞታል፣ ባለቤቱም «መካን» ብሎ ይቆጥራቸዋል። ከጥቂው በፊት ሴሌኒየም የተሰጣቸው በጎች ወለዱ።

ብረት፣ ኮባልት፣ ካልሲየምና ፎስፈረስ በአጭሩ ይታለፋሉ። የአሳማ ግልገል የሚወለደው ወደ 50 ሚሊግራም የሚሆን ብረት ይዞ ሲሆን በቀን ከ7 እስከ 10 ሚሊግራም ይፈልጋል፤ እናቲቱን ብረት ማብላት ይህን ብዙም ስለማይለውጠው መፍትሔው ለተወለደው በመርፌ መስጠት ነው። ኮባልት የሚያመሰኩ እንስሳት ሆድ ውስጥ ወደ ቫይታሚን ቢ12 የሚለወጥ ሲሆን እጥረቱ የሚታየው ተነሥቶ ለመጥባት በሚዘገይ ደካማ ግልገል ነው። ካልሲየምና ፎስፈረስ ሲጎድሉ አጥቢ እናት ከአጥንቷ አውጥታ ለፅንሱ ስለምትሰጥ ቀድማ የምትጎዳው እሷ ነች።

የዶሮ እንቁላል ራሱን የቻለ ንባብ አለው፤ ምክንያቱም ሽሉ ከእናቱ ዳግም ምንም አይቀበልም፣ የተሰጠው ሁሉ ቀድሞ በእንቁላሉ ውስጥ ነው። በ22ኛው ቀን ያልተፈለፈሉትን እንቁላሎች ሰብስበው የአየር ክፍሉ ካለበት ሰፊው ጫፍ ይክፈቱና በአራት ይመድቧቸው፤ ያልዳበረ፣ በመጀመሪያው ሳምንት የሞተ፣ በሁለተኛው ሳምንት የሞተ፣ ሊወጣ ሲል የሞተ። ሊወጣ ሲል የሞተው እግሩ አጭርና ወፍራም፣ የታችኛው መንቁሩ አጥሮ የላዩ እንደ በቀቀን መንቁር የታጠፈ ከሆነ ማንጋኒዝን ይጠርጥሩ፤ ባዮቲን የተባለው ቫይታሚን ሲጎድልም ተመሳሳይ መንቁር ስለሚታይ ሁለቱንም በመኖው ውስጥ ይፈትሹ። እግር ወይም ክንፍ የጎደለው፣ አከርካሪው የተጣመመ ከሆነ ዚንክን ይጠርጥሩ። ለአጥንቱ የሚሆነውን ካልሲየም ግን ሽሉ አብዛኛውን የሚያወጣው ከቅርፊቱ ነው። የተበላሸ ሙቀትና እርጥበትም ጫጩትን ሊወጣ ሲል ስለሚገድል የመፈልፈያ ማሽኑ ቴርሞሜትር ትክክለኛነት አስቀድሞ ይረጋገጥ።

ደረጃ 4፦ እናቲቱ ለምን እንደጎደላት መፈለግ

ብዙ ጊዜ ማዕድኑ በመኖው ውስጥ አለ፤ ሌላ ነገር ግን ይዞታል። ከሁሉ የታወቀው የመዳብ ነገር ነው። በሚያመሰኩ እንስሳት የመጀመሪያው የሆድ ክፍል ውስጥ ሞሊብዲነምና ሰልፈር ተጣምረው ቲዮሞሊብዴት የተባለ ነገር ይሠራሉ፤ እሱም መዳቡን አጥብቆ ይይዝና ከኩበት ጋር ያስወጣዋል። ስለዚህ ላቦራቶሪውን ስለ መዳብ ብቻ ሳይሆን ስለ ሞሊብዲነም፣ ሰልፈርና ብረትም ይጠይቁ፤ መዳቡ ከሞሊብዲነሙ ከ2 እጥፍ በታች ከሆነ በቂ የሚመስለው መዳብ በቂ አይደለም። የመጠጥ ውኃው ሰልፌት የበዛበት ከሆነ ሰልፈሩ ከዚያም ይመጣል። አፈር የተደባለቀበት ግጦሽ ደግሞ ብረት ያበዛል።

በአሳማና በዶሮ መኖ ዋናው ያዥ በጥራጥሬና በፍሬ ውስጥ ያለው ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ነው፤ ዚንክን ይይዛል፣ ካልሲየም ሲበዛ ደግሞ መያዙ ይብሳል። ጎመን ዘርና ዘመዶቹ አዮዲን ወደ ዕጢው እንዳይገባ ወይም እንዳይሠራበት የሚያደርጉ ንጥረ ነገሮች አሏቸው፤ በእርግዝናው የመጨረሻ ወራት በእነዚህ ላይ የሚሰማሩ በጎች ካሉ ይመዝገብ። የመኖ ናሙና ሲወሰድ እንስሳቱ በትክክል የሚበሉት ክፍል ይወሰድ፤ ከሥሩ የተነቀለ ሣር አፈር ስለሚይዝ ስለ መኖው ሳይሆን ስለ አፈሩ ይነግራል።

ደረጃ 5፦ ናሙና መውሰድ

ከአንዲት እንስሳ አይውሰዱ፤ ከአንድ መንጋ ከ7 እስከ 10 እንስሳት ይምረጡ፤ የተጎዳ ልጅ የወለዱትንና ያልወለዱትንም ያካትቱ። ለእያንዳንዱ ማዕድን የሚስማማው ናሙና ይለያያል።

ለመዳብ ጉበት ከደም ይሻላል፤ ስንቁ በጉበት ስለሆነ የደሙ መጠን የሚወርደው ጉበቱ ከተሟጠጠ በኋላ ነው። በአዋቂ ከብት በደረቅ ክብደት በኪሎ ከ100 ሚሊግራም በላይ የሆነ የጉበት መዳብ እንደ በቂ ይወሰዳል። በተጨማሪ ብግነት ወይም ኢንፌክሽን ያለባት እንስሳ የደም መዳቧ ከፍ፣ የደም ዚንኳ ዝቅ ስለሚል የታመመች ላም ውጤት ሁለቱንም ያሳስታል። ለሴሌኒየም ሙሉ ደም ይላክ፤ ሴሌኒየም ያለው ኢንዛይም ወደ ቀይ የደም ሕዋስ የሚገባው ሕዋሱ ሲሠራ ስለሆነ ውጤቱ ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት ያሳያል፤ ሴረም (ደም ሲረጋ የሚለየው ፈሳሽ) ግን የሰሞኑን ብቻ።

ዚንክ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንድ ጊዜ የላክኋቸው ናሙናዎች በሙሉ «በቂ» ተብለው ተመለሱልኝ፤ እንደገና ስመረምረው የተጠቀምኩባቸው ብልቃጦች ተራ የላስቲክ ክዳን ነበራቸው፣ ላስቲኩ ደግሞ ዚንክ ይለቃል። ግማሾቹም መንገድ ላይ ተንገላተው ቀይ ሕዋሳታቸው ስለፈነዱ በውስጣቸው ያለው ዚንክ ከሴረሙ ጋር ተቀላቅሎ ነበር። ለጥቃቅን ማዕድናት የተዘጋጀ ብልቃጥ ይጠቀሙ፣ ሴረሙን በሰዓታት ውስጥ ይለዩ፣ ሮዝ መልክ ያለውን ሴረም አይላኩ። ማንጋኒዝ በደም ውስጥ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ከደም ውጤቱ ይልቅ የመኖው ትንታኔና የልጁ አጥንት ይታመናሉ።

ደረጃ 6፦ የጎደለውን ብቻ፣ በጊዜው መሙላት

መነሻ የሚሆኑት ለእርጉዝ የሥጋ ከብት የተለመዱት መጠኖች ናቸው፤ በአንድ ኪሎ ደረቅ መኖ መዳብ 10፣ ዚንክ 30፣ ማንጋኒዝ 40፣ አዮዲን 0.5፣ ሴሌኒየም 0.1 ሚሊግራም። ስሌቱ ቀላል ነው። ላሟ በቀን 10 ኪሎ ደረቅ መኖ የምትበላ ከሆነ ዚንክ 300 ሚሊግራም ያስፈልጋታል። የድርቆሹ ትንታኔ በኪሎ 18 ሚሊግራም ካሳየ የምታገኘው 180 ነው፤ የጎደለው 120 ነው። ባለ አንድ ውኃ ዚንክ ሰልፌት 36 በመቶው ዚንክ ስለሆነ 120ን ለ0.36 ስናካፍል ወደ 333 ሚሊግራም ሰልፌት ይሆናል። ላሟ በቀን 50 ግራም የማዕድን ድብልቅ የምትልስ ከሆነ በአንድ ኪሎ ድብልቅ ውስጥ ወደ 6.7 ግራም ዚንክ ሰልፌት ይግባ ማለት ነው። የምትልሰው መጠን ግን በግምት አይወሰድ፤ ድብልቁ በሳምንቱ መጀመሪያና መጨረሻ ተመዝኖ ለላሞቹ ቁጥርና ለ7 ይካፈል።

ሴሌኒየምን በእጅ አይቀላቅሉ። በአንድ ቶን መኖ ውስጥ 0.3 ሚሊግራም በኪሎ ለማድረስ የሚያስፈልገው ሴሌኒየም 0.3 ግራም ብቻ ነው፤ በሶዲየም ሴሌናይት መልክ ደግሞ ከ0.7 ግራም በታች። ይህች በሁለት ጣት የምትነሣ ዱቄት በቶን መኖ ውስጥ እኩል አትሰራጭም፤ አንዷ ላም ምንም ሳታገኝ ሌላዋ መርዝ ትበላለች። በባለሙያ የተዘጋጀ የተበረዘ ድብልቅ ይጠቀሙ። ትርፍ ሴሌኒየም ለሽል ከእጥረቱ ያልተናነሰ ጠላት ነው፤ በ1980ዎቹ በካሊፎርኒያ በኬስተርሰን የውኃ ማጠራቀሚያ ሴሌኒየም የበዛበት የእርሻ ፍሳሽ ሲጠራቀም የውኃ ወፎች ሽሎች ዓይን፣ መንቁርና እግር ጎድሏቸው ተገኝተዋል።

በግ መዳብን በጉበቷ አከማችታ በድንገት የምትመረዝ ስለሆነች ለከብት የተዘጋጀ ድብልቅ አይሰጣት፤ የጉበት ውጤት ሳይታይም መዳብ አይወጋ፤ በሆድ ውስጥ ቀስ እያለ የሚሟሟ የመዳብ ሽቦና የሚወጋ መዳብ በአንድ ወቅት አይደራረቡ። የአዮዲን ምንጭ ሲመረጥ ፖታሲየም አዮዳይድ በሙቀትና በእርጥበት ስለሚጠፋ ውጭ ለሚቀመጥ የሚላስ ጡብ ካልሲየም አዮዴት ይሻላል። ዚንክ በዝቶ ሲሰጥ የመዳብን መመጠጥ ይቀንሳልና የአንዱን ጉድለት ለመሙላት በሌላው ጉድለት አይፍጠሩ።

ጊዜውን የሚወስነው በደረጃ 1 የተዘጋጀው የቀን ክፍፍል ነው። ጉዳቱ የመጀመሪያው ክፍል ከሆነ፣ ማለትም የሽል ሞትና የድራት መመለስ ከታየ፣ ሴሌኒየምና ዚንክ መስተካከል ያለባቸው ከጥቂው ቢያንስ 2 ወር ቀድሞ ነው፤ እርግዝና ከተረጋገጠ በኋላ መጀመር ለዚያ ዓመት አይጠቅምም። በግልገሎች ላይ የመወዛወዝ ችግር ካለና የጉበት ውጤቱ ካረጋገጠ መዳቡ ከእርግዝናው አጋማሽ በፊት ይድረስ። አዮዲን ከእርግዝናው አጋማሽ እስከ ልደት ሳይቋረጥ መኖር አለበት፤ እንስሳቱ በጎመን ዘር ላይ የሚሰማሩ ከሆነ ደግሞ ከመሰማራታቸው በፊት ይሰጣል። ዚንክ ከአጥንት ስለማይወጣ በሳምንት አንዴ በብዛት ከመስጠት በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መስጠት ይመረጣል። የዶሮ አስኳል የሚሞላው እንቁላሉ ከመጣሉ በፊት ባሉት 10 ቀናት አካባቢ ስለሆነ መኖው በተስተካከለ ማግስት የተሰበሰበ እንቁላል ምንም ለውጥ አያሳይም፤ ከ2 ሳምንት በኋላ የተጣለው መፈልፈያ ገብቶ 21 ቀን ሲሞላው ነው ውጤቱ የሚታየው።

ደረጃ 7፦ መድኃኒቱ በእርግጥ መሥራቱን ማረጋገጥ

በሚቀጥለው ዓመት ልደቱ ቢሻሻል ምክንያቱ ዝናብ፣ የተሻለ ግጦሽ ወይም አዲስ ኮርማ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጉዳቱ ቀላል በሆነበት መንጋ ከእንስሳቱ ግማሹን ሳይመርጡ፣ ለምሳሌ በር ላይ አንዷን ወደ ግራ አንዷን ወደ ቀኝ በማለፍ፣ ይለዩና ማዕድኑን ለአንደኛው ወገን ብቻ ይስጡ፤ ሁለቱም ግን በአንድ ግጦሽ ይዋሉ፣ በአንድ አውራ ይጠቁ። የጆሮ ምልክታቸው በሁለት ቀለም ይለይ። ከዚያ በሁለቱ ወገኖች ስንቶቹ በ40 ቀን ውስጥ ወደ ድራት እንደተመለሱ፣ ስንቶቹ እንደወለዱ፣ የልጆቹ የልደት ክብደትና ተወልደው በ3 ቀን ውስጥ የሞቱት ብዛት ይመዝገብ። ጉዳቱ ከባድ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከግልገሎቹ ብዙዎቹ እንቅርት ይዘው ከተወለዱ፣ ግማሹን ከልክሎ መጠበቅ ተገቢ አይደለም፤ ሁሉም ይሰጣቸውና ካለፈው ዓመት መዝገብ ጋር ይነጻጸር።

ባልተሰጣቸው ወገን የሞቱ ግልገሎች ታይሮይድ እንደገና ይመዘን፣ የጉበት መዳብ ይላክ፤ በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት ካልታየ ማዕድኑን መቀጠል ወጪ ብቻ ስለሆነ ወደ ደረጃ 2 ተመልሰው በተላላፊ በሽታና በመርዛማ ዕፅ በኩል ምርመራውን ይጀምሩ።